ሆዴን ሲያመኝ ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ሐኪም ቤት የገባ ሐበሻ ያውቀዋል። መኪና የሚያቆመው ሐበሻ ነው። ስም የምትመዘግበው ሐበሻ ናት። ደም ከምትቀዳው፣ መድኃኒት ከሚቆጥረው፣ ሌሊት ትራስ ከምታስተካክለው መካከል አንዱ የግድ የሀገር ልጅ ነው። ለእናቴ ይህ በረከት ነው። ቀጠሮ ካላት ቀደም ብላ ትሄዳለች፤ ሰላምታው ራሱ ያሽላታል። እኔ ግን ለዓመታት ሐኪም ቤት ዝር ያላልኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ትራንስጀንደር ነኝ። ስወለድ ሴት ተብዬ ተመዝግቤያለሁ፤ ዛሬ የምኖረው ወንድ ሆኜ ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ፣ ልጅ ሳለሁ ከቤተሰቤ ጋር አሜሪካ መጣሁ። ስሜን አልጽፍም። የምታውቁኝ ከመሰላችሁም ለእናቴ ስትሉ ተዉት። የማንንም እምነት ለመቀየር አልተነሳሁም። የምጽፈው ስለ ሆድ ሕመም ነው። የምጽፈውም እንደኔ ላሉ ልጆች ነው፤ ከእነሱ እኩል ደግሞ በየሆስፒታሉ ለምትሠሩ ወገኖቼ።

ሐበሻ ሐበሻን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው “የማን ልጅ ነህ?” ብሎ ነው። ክፋት የለበትም፤ ፍቅር ነው። ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና ፊቴ ላይ ያለው ጢም አልገጥም ሲሉ ያ ጥያቄ ያስበረግጋል። እሁድ ቅዳሴ ሳያልቅ ወሬው እናቴ ጋ ይደርሳል ብዬ እሰጋ ነበር። ስለዚህ ጉንፋኑን በዝንጅብል፣ ጥርሱን በማስታገሻ፣ ሌላውን በዝምታ አሳለፍኩት። እንዲህ የምንሸሽ ጥቂት አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ከ27 ሺህ በላይ ትራንስጀንደር ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። ከመካከላቸው 23 በመቶው በዓመቱ ውስጥ ሐኪም ማየት ሲገባቸው ክፉ ነገር ይገጥመናል ብለው ፈርተው ቀርተዋል። ከሄዱት ደግሞ 33 በመቶው በትራንስነታቸው ምክንያት ቢያንስ አንድ መጥፎ ነገር ገጥሟቸዋል።

ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን መውሰድ ስጀምር ድምፄ ወፈረ። እናቴ ጉሮሮዬን ያመመኝ መስሏት ዳማከሴ ከየት እንዳመጣች እንጃ፣ ጨምቃ አጠጣችኝ። ጠጣሁላት። ምን ልበላት?

አንዴ ጆሮዬን ክፉኛ አሞኝ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ የምወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር አየ። ከዚያ ጥያቄው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ሆርሞኑን መቼ ጀመርክ? ቀዶ ሕክምና ታስባለህ? ቤተሰብህ ምን አለ? ስለ ጆሮዬ የተነሳው መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ ሀገር ያሉ ትራንስ ሰዎች ይህን “የትራንስ ክንድ ስብራት” ይሉታል። ክንድህ ተሰብሮ ብትሄድ እንኳ ጥፋቱ የሆርሞኑ ነው ትባላለህ ማለታቸው ነው። ያኔ ሳቅሁበት። በኋላ አላሳቀኝም።

ለፍርሃቴ ሌላም ምክንያት ነበረው። አንዲት በዕድሜ የምትበልጠኝ የዲሲ ተወላጅ ወዳጄ የታይራ ሀንተርን ታሪክ ነግራኛለች። ታይራ ጥቁር አሜሪካዊት ትራንስ ሴት ነበረች፤ ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1995 እዚሁ ዲሲ በመኪና አደጋ ተጎዳች። ሊረዳት የመጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ልብሷን ሲቀድ አካሏን አየ። እርዳታውን አቋርጦ እንደተሳለቀባት የዓይን ምስክሮች ተናገሩ። ሆስፒታል ደርሳም የሚገባትን ሕክምና አላገኘችም፤ እዚያው ሞተች። እናቷ ከተማዋን ከሰሱ። በ1998 ጁሪው 2.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረደላቸው። ወዳጄ ይህን ስትነግረኝ አስፈራሪኝ ብዬ አልጠየቅኋትም። ግን አምቡላንስ ከመጥራት ታክሲ ይሻለኛል ያልኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ሥራ ላይ ነው። ከሆዴ በታች፣ በቀኝ በኩል። ይመጣል፣ ይቆርጠኛል፣ ይለቀኛል፣ ደግሞ ይመለሳል። ማታ ማስታወክ ጀመርኩ። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ መኪና ውስጥ ከቶ ኢመርጀንሲ ወሰደኝ።

ችግሩ ገና ከመግቢያው ጀመረ። መንጃ ፈቃዴ አዲሱን ስሜንና ወንድ የሚለውን ይዟል። ኢንሹራንሱ ላይ ግን የቆየው ስሜ ነበር። መዝጋቢዋ በኢንሹራንሱ ስም መዘገበችኝ። ከዚያም ሰው በሞላበት አዳራሽ የድሮ ስሜን ጮክ ብላ ጠራች። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሐበሾች ቀና አሉ። ስሙ የእኛ ሀገር ስም ነው፤ የሴት ስም። የተነሳሁት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ላስገባ። ወረቀታችሁ ገና ካልተስተካከለ መዝጋቢውን “በአባቴ ስም ብቻ ጥሩኝ” በሉት። ይህ ለእኛ ለሐበሾች የተሰጠ ዕድል ነው። እዚህ ሀገር በመጨረሻ ስምነት የምንጽፈው የአባት ወይም የአያት ስም ነው። በዚያ ስም ቢጠሩን ስለ እኛ የሚያጋልጠው ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ የትም ስሄድ እንዲህ ነው የማደርገው። እስከ ዛሬ እምቢ ያለኝ የለም።

መጀመሪያ ያየችኝ ነርስ ሐበሻ አልነበረችም። ትራንስ መሆኔን ራሴ ነገርኳት፤ ለሕመሜ ይጠቅማል ብዬ። ሐኪሞቹ ከዚያ በኋላ የቀረውን ያውቁታል ብዬ አስቤ ነበር። እሷ ግን “እውነተኛው ስምህ ማነው?” አለች። ቀጥላ ከወገቤ በታች ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ እንደሆነ ጠየቀች። ለምን እንደምትጠይቅ አልነገረችኝም፤ መልሴንም አልጻፈችውም። ወጣች። ትንሽ ቆይቶ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ያዩኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ምንም ሥራ አልሠሩም። አይተውኝ ሄዱ።

ሐኪሙ ደግሞ የእሷ ተቃራኒ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ጨዋነቱ የበዛ። ላለማስከፋት ሲል ምንም አልጠየቀኝም። ሆዴን በሸሚዜ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ነካ ነካ አደረገው። ራጅና የሽንት ምርመራ አዘዘ። መዝገቡ ወንድ ስለሚል የእርግዝና ምርመራ አላዘዘም። ከሆዴ በታች ያለውን ምን አካል ሊያመኝ እንደሚችል አላነሳም። ራጁን አይቶ ድርቀት ነው አለኝ። ማለስለሻና ማስታገሻ ይዤ እንድወጣ ተወሰነ።

እናቴ የደረሰችው እንግዲህ በዚህ መካከል ነው። ጓደኛዬ ተጨንቆ እህቴን ደውሎላት፣ እህቴ ለእናቴ ነግራ። እናቴ ነጠላዋን ሳታጣፋ ነው የመጣችው። ሐኪሙ እሷ እዚያው ቆማ ሳለ “ቴስቶስትሮኑን በተለመደው መጠን ቀጥል” አለኝ። የእናቴ እንግሊዝኛ ለሥራዋ የሚበቃ ነው። ያን ቃል ግን ለይታ ሰማችው። ምንም አላለችም። እስከ መኪናው ድረስ ቦርሳዬን ይዛልኝ ሄደች።

ስለዚያ ሌሊት ብዙ አስቤበታለሁ። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዷ የማያገባትን ጠየቀች፤ አንዱ የሚያገባውን አልጠየቀም። ለእኔ ውጤቱ ያው አንድ ነው። ሰው ስለ ትራንስ ታካሚ አክብሮት ሲያወራ ብዙ ጊዜ ስለ ለስላሳ አነጋገር ይመስለዋል። ሐኪሙ አነጋገሩ ለስላሳ ነበር። ግን በሆዴ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቅ ነው ያሰናበተኝ።

እንዲህ ያለው ነገር በእኔ አልተጀመረም። በ2019 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የተባለው የሕክምና መጽሔት የአንድ የ32 ዓመት ትራንስ ወንድ ታሪክ አውጥቶ ነበር። ሆዱን አሞት ኢመርጀንሲ ይመጣል። ቤት ውስጥ ያደረገው የእርግዝና ምርመራ “ነፍሰ ጡር” ማለቱን ይናገራል። ግን መዝገቡ ወንድ ይላል፤ ውፍረትና ደም ግፊት ያለበት ወንድ። ስለዚህ አስቸኳይ አይደለም ተብሎ ይቆያል። እውነትም ነፍሰ ጡር ነበር። ሰዓታት ካለፉ በኋላ ተረዱት፤ ጽንሱ ግን ሞቶ ተወለደ። ይህን ያነበብኩት ከቀዶ ሕክምናዬ በኋላ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። አልመክራችሁም፤ ለዚያ ጊዜ የሚሆን ንባብ አልነበረም።

በማግስቱ ሕመሙ ብሶ መጣ። መቆም አቃተኝ። እናቴ “ሌላ ሆስፒታል” አለች፤ ሄድን።

መጋረጃውን ገልጣ የገባችውን ነርስ ደረቷ ላይ ያለውን ስም ሳይ ተነስቼ መሄድ አማረኝ። የእናቴ እኩያ የምትሆን ሐበሻ ናት። አሁን “የማን ልጅ ነህ?” ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። እናቴን በአማርኛ ሰላም አለቻት። “እናቴ፣ ታካሚ ሁሉ መጀመሪያ ለብቻው ነው የሚጠየቀው፤ ትንሽ ውጭ ይቆዩልኝ፣ እጠራዎታለሁ” አለቻት። ታካሚ ሁሉ ማለቷን አስተውሉ። እናቴ እኔ የደበቅኋት ነገር እንዳለ አድርጋ አላየችውም። የቤቱ ደንብ ነው ብላ ወጣች።

ከዚያ በየትኛው ቋንቋ ብንነጋገር እንደሚሻለኝ ጠየቀችኝ። አማርኛ አልኩ፤ ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም። “እርስዎ” እያለች ጀመረች። ቀጥላ “ምን ብዬ ልጥራዎት? አንተ ልበል?” አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ በኋላ አንዴም አልተሳሳተችም።

ከሁሉ የጠቀመኝ የቀጠለችው ጥያቄ ነው። እንደማስታውሰው እንዲህ ነው ያለችው፦ “ሆድህን ምን እንዳመመህ ለማወቅ ውስጥህ የትኞቹ አካላት እንዳሉ ማወቅ አለብኝ። ትርፍ አንጀትህ አለ? ማህፀን አለህ? እንቁላል የሚያመርቱት ኦቫሪዎችስ? የወጣ ነገር ካለ ንገረኝ። አንተ በሌላ ስም የምትጠራቸው ከሆነም በዚያው እጠራቸዋለሁ።” በቃ። የትርፍ አንጀቴንና የማህፀኔን ነገር በአንድ ድምፅ ነው የጠየቀችው። መልሴን እያየሁ ጻፈችው። ሐኪሟ ስትገባ ከእኔ ፊት አነበበችላት፤ ሁለተኛ እንድናገር አላደረገችኝም።

የእርግዝና ምርመራ እንደሚደረግልኝ ስትነግረኝ ፊቴ ተለወጠ መሰለኝ። “ማህፀን ላለው ሰው ሁሉ ነው የምናደርገው” አለች። “ቴስቶስትሮን የወር አበባን ያቆማል እንጂ እርግዝናን አይከላከልም። ራጅም፣ ሲቲም፣ ማደንዘዣም ከመሰጠቱ በፊት ማወቅ አለብን።” ይህን ሆርሞኑን ሲያዝዙልኝ ነግረውኝ ይሆናል፤ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ግን ያን ቀን ነው። ቴስቶስትሮን የምትወስዱ ልጆች፣ ማህፀናችሁና ኦቫሪያችሁ ካሉ ማርገዝ ይቻላል። የወር አበባ አለመምጣቱን አትመኑት።

አልትራሳውንዱን ከመጀመራቸው በፊት ሁለት መንገድ እንዳለ ተነገረኝ፤ ከሆድ ላይ የሚደረገውና በብልት በኩል የሚገባው። ሁለተኛው ኦቫሪን አጥርቶ ያሳያል። መጀመሪያ ከላይ እንሞክር፣ ካልታየ እንመካከራለን ተባለ። እኔ “ቁም” ካልኩ እንደሚቆም፣ ከፈለግሁ አብራኝ የምትቆም ሰው እንደምትኖር፣ ባለሙያው ሴት ወይም ወንድ ቢሆን ለእኔ ልዩነት እንዳለው ተጠየቅሁ። ከላይ ያለው በቃ። በቀኝ ኦቫሪዬ ላይ ሲስት የሚሉት ውሃ የቋጠረ እጢ አለ። ኦቫሪው በራሱ ላይ ተጠምዝዟል። ሲጠመዘዝ የደም ሥሩ ይታነቃል፤ ደም ካልደረሰው ይሞታል። ሕመሙ ይመጣና ይሄድ የነበረውም መጠምዘዙ እየላላና እየጠበቀ ስለሆነ ነው።

በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ገባሁ። ኦቫሪው አልተረፈም። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢታይ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሟ “በእርግጠኝነት ልነግርህ አልችልም። በዚህ ሕመም ግን ሰዓት ነው ወሳኙ” አለችኝ። ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ አልፈልግም የሚለውን ገና አልወሰንኩም ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ የግማሹ ውሳኔ ተወሰነልኝ። በዚህ በጣም ነው የተናደድኩት፤ አሁንም አልበረደልኝም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደረቴን የማስርበትን ጠባብ ልብስ ማውለቅ ነበረብኝ። ባይንደር እንለዋለን። ነርሷ ሰፊ ፎጣ ከደረበችልኝ በኋላ ራሴ እንዳወልቀው ፊቷን አዞረች። የጎን አጥንቴ ላይ የተጫነውን ምልክት አይታ “ስንት ሰዓት ታስረዋለህ?” አለችኝ። ዋሸኋት። እናንተ አትዋሹ። ከስምንት ሰዓት በላይ አይታሰርም፣ ተኝቶም አይታሰርም። በላስቲክ ባንዴጅ ማሰር ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ ትንፋሽ በወሰዳችሁ ቁጥር እየጠበቀ ጎን አጥንት ይጎዳል። ሳንባ የሚያዳምጥ ሰው ካለ ወይም የደረት ራጅ ከታዘዘ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ቀጥሎ የእናቴ ነገር አለ። ቀዶ ሐኪሟ ከመግባቴ በፊት “እናትህ ውጭ ናቸው። ምን ልንገራቸው? ምንስ አልንገራቸው?” አለችኝ። ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሐኪም እሷ ናት። ሆዱ ውስጥ የነበረ እጢ ተጠምዝዞ ነው፣ አውጥተነዋል፣ ደህና ነው፤ ይህን ብቻ ንገሪልኝ አልኩ። ውሸት የለበትም። የእኔን ጉዳይ ግን ራሴ እስክናገር ለእኔ ትቶልኛል። ለማስተርጎም በስልክ አስተርጓሚ ተጠራ፤ ከሌላ ግዛት። ነርሷ አማርኛ እየቻለች ለምን ብዬ ነበር። ለካ ነርስ በነርስነቷ ነው የምትሠራው፤ ለሕክምና ንግግር የሰለጠነ አስተርጓሚ ይጠራል።

ይህ ለብዙዎቻችን የሚጠቅም ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። እህታችሁን፣ ጎረቤታችሁን፣ ወይም የደብራችሁን ሰው አስተርጓሚ አታድርጉ። በስልክ ይሁንልኝ፣ ከዚህ አካባቢ ያልሆነ ሰው ይሁንልኝ ማለት ትችላላችሁ። ለአስተርጓሚው ስማችሁን መናገርም አያስፈልግም።

ከዳንኩ በኋላ ክትትሌን ወደ ዊትማን ዎከር አዛወርኩ። በ1970ዎቹ ለግብረ ሰዶማውያን ወንዶች በተከፈተ ትንሽ ክሊኒክ የተጀመረ፣ ዛሬ ግን ማንንም የሚያይ የዲሲ የጤና ማዕከል ነው። እዚያ የመጀመሪያው ቅጽ ሁለት ጥያቄ ለየብቻ ይጠይቃል፦ ዛሬ ፆታህን እንዴት ትገልጻለህ? ስትወለድ ምን ተብለህ ተመዘገብክ? ቀጥሎ ያሉኝ አካላት ዝርዝር ይሞላል። ምርመራ የሚታዘዘው ከዚያ ዝርዝር ተነስቶ ነው። የማህፀን በር ያለው ሰው፣ ጢም ይኑረው አይኑረው፣ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ያስፈልገዋል። ለትራንስ ሴትም እንዲሁ ነው። ቀዶ ሕክምና ብታደርግም ፕሮስቴት የሚባለው እጢዋ እዚያው ነው፤ ሐኪሟ ሊያውቀው ይገባል።

የማህፀን በር ምርመራውን ለዓመታት ሸሽቼዋለሁ። ሐኪሜ አላስገደደችኝም። ቴስቶስትሮን ሥጋውን ስለሚያሳሳ ምርመራው ሊያም እንደሚችል፣ ናሙናውም አንዳንዴ በቂ አይደለም ተብሎ እንደሚመለስ አስረዳችኝ። ትንሹን መክፈቻ መሣሪያ መጠየቅ ይቻላል። ላቦራቶሪው ናሙናው ቴስቶስትሮን ከሚወስድ ሰው መሆኑ እንዲጻፍለት ማድረግም ይጠቅማል። እኔ የመረጥኩት ግን ሌላ ነው። ለማህፀን በር ካንሰር የሚዳርገውን ኤች ፒ ቪ ቫይረስ ለመፈለግ ታካሚው ራሱ ናሙናውን የሚወስድበት ዘዴ አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2024 ሐኪም ቤት ውስጥ እንዲሠራበት ፈቅዷል። መታጠቢያ ክፍል ገብቼ በሩን ቆልፌ ራሴ ወሰድኩት። እንዲህ ቀላል መሆኑን የነገረኝ ሰው ቢኖር ዓመታት አልቆይም ነበር።

የደም ምርመራም የራሱ ጣጣ አለው። ቴስቶስትሮን የቀይ የደም ሴሎችን ቁጥር ከፍ ያደርጋል። ላቦራቶሪው በሴት መለኪያ ካነበበው ጤነኛው ውጤት በቀይ ተሠምሮበት ይመጣል። በሌላ በኩል እውነትም ከልክ ሊያልፍ ስለሚችል ዝም ብሎ መተው አይቻልም። “ይህ የተነበበው በየትኛው መለኪያ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ቴስቶስትሮንን የሚገታውን ስፓይሮኖላክቶን የሚባል መድኃኒት የምትወስዱ ትራንስ ሴቶች ደግሞ ፖታሲየማችሁን አስለኩ፤ መድኃኒቱ ከፍ ያደርገዋል። ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የምትወስድ ሴት እግሯ በአንድ በኩል ቢያብጥ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥራት የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ኢመርጀንሲ ትሂድ፤ ሐኪሙ እንዳያፍርባት ብላም መድኃኒቱን አትደብቅ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ነጭና ሰማያዊ ለብሳችሁ ወደምትሠሩት። ስለ ትራንስ ሰው ያላችሁ እምነት የራሳችሁ ነው። እኔ ከእናንተ የምፈልገው እናንተ በሥራችሁ የምትኮሩበትን ነው። መጋረጃውን ዝጉ። ቤተሰብን በደንቡ መሠረት አስወጡ። እስክታውቁ ድረስ እርስዎ በሉ፤ በዚህ የሚከፋ ሐበሻ የለም። ከመጠየቃችሁ በፊት ለምን እንደምትጠይቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩ። ምክንያቱን መናገር ካቃታችሁ ጥያቄው ለእናንተ እንጂ ለታካሚው አይደለም፤ ተዉት። በቃል ብትሳሳቱ ይቅርታ ብላችሁ እለፉ። ታካሚው እናንተን እስኪያጽናና ድረስ ይቅርታ አታብዙ።

የማን ልጅ መሆናችንን አትጠይቁን። ይህን ለትራንስ ታካሚ ብቻ አላልኩም፤ ፅንስ ያስወረደች፣ ኤች አይ ቪ ያለበት፣ አእምሮውን የታመመም ያን ጥያቄ ይፈራል። እናንተ የማታክሙትን ሰው መዝገብ ደግሞ አትክፈቱ። ኮምፒውተሩ ማን መቼ እንደከፈተው ይመዘግባል። በዚህ ከሥራ የተባረረ ሰው አውቃለሁ፤ ወሬው ግን ቀድሞት ወጥቶ ነበር።

ሀገር ቤትና ዓረብ ሀገር ላላችሁ ይህን ሁሉ እንዳለ አድርጉ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ወንጀል ያደርጋል፤ ለእንደኛ ዓይነቱም ሰው ጥላው ይደርሰዋል። እዚያ ሆናችሁ ለማን ምን እንደምትናገሩ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ደህንነታችሁን አስቀድሙ። የምትወስዱትን ሆርሞን ስምና መጠን ግን ቢያንስ አንድ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ራሳችሁን ብትስቱ የሚናገርላችሁ ሰው ይኑር።

እዚህ ላለን ግን አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። የፌዴራሉ ሕግ መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ይዋዥቃል። የዲሲ የሰብዓዊ መብት ሕግ ግን የፆታ ማንነትን በስሙ ጠርቶ ይጠብቃል። እኔ መጀመሪያ የሕክምና መዝገቤን ኮፒ ጠየቅሁ። ሂፓ በሚባለው ሕግ መሠረት በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጧችሁ ይገባል። ሳነበው ከወገቤ በታች ቀዶ ሕክምና እንዳልተደረገልኝ ተጽፏል ብዬ ነበር፤ የለም። ኦቫሪ የሚል ቃልም የለም። ከዚያ ለሆስፒታሉ የታካሚዎች ጉዳይ ቢሮ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስድብ አላስገባሁበትም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተጠየቅሁትን፣ ያልተጠየቅሁትን፣ በማግስቱ የተገኘውን አስቀመጥኩ። ሁለት ነገር ጠየቅሁ፦ ኢመርጀንሲ የሚገባ ሰው ሁሉ ያሉትን አካላት እንዲጠየቅ፣ እናትም ሆነች ጓደኛ ባሉበት መድኃኒት እንዳይጠራ።

መልስ መጣ። ይቅርታ ብለዋል፤ የመግቢያ ቅጹን እያየነው ነው ብለዋል። ስለ ሁለተኛው ምንም አላሉም። እንደገና ጻፍኩ። የዚህኛውን ደብዳቤ ፊርማ እናቴ አይታብኛለች። አዲሱን ስሜን ቀስ ብላ ካነበበች በኋላ “ይህን ስም ማን አወጣልህ?” አለችኝ። ራሴ ነኝ አልኳት። አልወደደችውም። ሌላ አማራጭ አቅርባልኛለች፤ እየተከራከርን ነው።